ፋብሪካ የሌላቸው አሳታሚዎች፤ የካናዳ አነስተኛ የሸክላ ኩባንያዎች ታሪክ

የሙዚቃ ሸክላ ለአድማጩ ዘፈን ነው፤ ለመሐንዲስ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የፋብሪካ ውጤት ነው። ዘፋኙ ድምፁን ካሰማበት ደቂቃ ጀምሮ ሸክላው ከገዢው እጅ እስኪገባ ድረስ ሰም፣ ብረት፣ ኤሌክትሪክ፣ እንፋሎትና ብዙ ቶን የሚመዝን ግፊት በመካከል ይገባሉ። የዘፈን ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ዘለው ያልፉታል። የካናዳን አነስተኛ የሸክላ ኩባንያዎች ታሪክ ለዚህ መጽሔት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ መነሻዬ ያደረግሁት ይህንኑ የተዘለለውን ክፍል ነው። የእነዚህ ኩባንያዎች መነሣትና መውደቅ ከዘፋኞቻቸው ችሎታ ይልቅ «ማተሚያው የማን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ይበልጥ የተያያዘ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እንደሚታወቀው ካናዳ በቆዳ ስፋቷ ከዓለም ሁለተኛ ናት፤ ሕዝቧ ግን ጥቂት ከመሆኑም በላይ አብዛኛው ከአሜሪካ ወሰን ጎን ለጎን ተደርድሮ ይኖራል። በሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ የሕዝቧ ቁጥር ከ5 ሚሊዮን ብዙም አይበልጥም ነበር። ከኩቤክ በቀር የአብዛኛው ሕዝብ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ በኒው ዮርክ ወይም በለንደን የተቀረጸ ዘፈን ያለ አንዳች ችግር ቶሮንቶ ይደመጣል። ስለዚህ የውጭ አገር ትልልቅ ኩባንያዎች ካናዳን የሚያዩዋት እንደ ራሷ የቻለች ገበያ ሳይሆን እንደ አንድ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ነበር። የአገሩ ተወላጅ የሆነ አነስተኛ አሳታሚ የተነሣው በዚህ ጥላ ሥር ነው።

የነገሩ መጀመሪያ ግን ትልቅ ሰው ነበር። ጠፍጣፋውን ሸክላና ግራሞፎንን የፈለሰፈው፣ በትውልድ ጀርመናዊ የነበረው ኤሚል በርሊነር በ1900 ከንግድ ወኪሉ ጋር በተነሣ ክርክር ምክንያት በአሜሪካ ፍርድ ቤት የገዛ ፈጠራውን እንዳይሸጥ ታገደ። ሆኖም በካናዳ የፓተንት መብቱ እንደተጠበቀ ነበር። የካናዳ ሕግ ደግሞ የፓተንት ባለመብት ዕቃውን በአገሩ ውስጥ እንዲያመርት ያስገድድ ስለነበር በርሊነር በሞንትሪያል ከተማ የማምረቻ ሥራ አቋቋመ። ከግራሞፎን ቀንድ ፊት ቁጭ ብሎ የጌታውን ድምፅ የሚያዳምጠው ውሻ በካናዳ የንግድ ምልክት የሆነው በዚሁ ኩባንያ አማካይነት ነው። በ1908 ሴንት ሄንሪ በተባለው የከተማው ክፍል የተሠራው ፋብሪካ ዛሬም ቆሞ ይታያል፤ በውስጡም በበርሊነር ስም የተሰየመ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ከዚህ ላይ ስለ አሠራሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ የቀረው ታሪክ ሁሉ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነውና። በዚያ ዘመን ድምፁ በመርፌ የሚቀረጸው በወፍራም የሰም ዝርግ ላይ ነበር። ሰሙ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ዱቄት ይነሰነስበትና በመዳብ ጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በኤሌክትሪክ ኃይል የብረት ልባስ እንዲይዝ ይደረጋል። ልባሱ ሲላቀቅ የተገለበጠ ቅርጽ ይሆናል፤ ከእርሱ ሌላ ቀጥተኛ ቅርጽ፣ ከቀጥተኛውም እንደገና የተገለበጡ የማተሚያ ቅርጾች ይወሰዳሉ። እነዚህ ቅርጾች በእንፋሎት በሚሞቅ መጭመቂያ መካከል ይታሰሩና ላክ ከተባሉ የእስያ ነፍሳት ከሚገኘው ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተለወሰውን ጥቁር ሊጥ ይጫኑታል። ይህ ሲቀዘቅዝ እንደ ገል የሚሰበር ነገር ስለሚሆን፣ በአማርኛ «ሸክላ» ያለው ሰው ስም አወጣጥ ያውቅበት ነበር እላለሁ።

ከዚህ አሠራር አንድ የሒሳብ እውነት ይወጣል። የመጀመሪያው ሸክላ እጅግ ውድ ነው፤ ሺህኛው ግን ከሊጡና ከወረቀቱ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። መጭመቂያ፣ የእንፋሎት ጋንና የብረት መለበጫ ገንዳ ያለው ሰው ዐሥር ሺህ ለማተም ይመቸዋል፤ አምስት መቶ ብቻ ለሚፈልግ ግን ፋብሪካ ማቆም ዘበት ነው። እንግዲህ አምስት መቶ ሸክላ የሚበቃው ዘፋኝ፣ ለምሳሌ የአንድ ወረዳ ቫዮሊን ተጫዋች፣ ሸክላ ሊኖረው የሚችለው የሌላውን ሥራ ተቀብሎ በኪራይ የሚያትም ፋብሪካ ሲገኝ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ማተሚያቸውን የሚይዙት ለራሳቸው ስለነበር እንዲህ ያለ ፋብሪካ በካናዳ አልነበረም።

ይህን የለወጠው የኤሚል ልጅ ሄርበርት በርሊነር ነው። በ1918 ከሞንትሪያል አጠገብ ላሺን በተባለ ስፍራ ኮምፖ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዓላማው በካናዳ ገበያ ለመሸጥ የሚፈልጉ፣ ነገር ግን በአገሩ ማተሚያ የሌላቸውን የአሜሪካ አነስተኛ ኩባንያዎች ሸክላ ማተም ነበር። በ1921 የአባቱን ኩባንያ ለቅቆ ሙሉ ጊዜውን ለኮምፖ ሰጠ፤ የአባቱን ሥራ ወንድሙ ኤድጋር ያዘ። በ1924 የአባትየው ኩባንያ ለአሜሪካው ቪክተር ተሸጠ፤ በ1929 ደግሞ ቪክተር ራሱ በአር ሲ ኤ ተዋጠ። ከበርሊነር ቤት በካናዳውያን እጅ የቀረው የሄርበርት ላሺን ብቻ ሆነ። በእኔ ግምት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የበለጠውን ሥራ የሠራ ሰው እርሱ ነው፤ ስሙ ግን ከአባቱ ስም ጋር ሲወዳደር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

ሄርበርት አፔክስ በተባለ የራሱ ስምና ስታር በተባለው ስም የአገሩን ዘፋኞችም ማሳተም ጀመረ። የፈረንሳይኛውን ክፍል የሚመራው ሮሜዮ ቦድሪ የሚባል ሰው ነበር። በ1929 ሜሪ ትራቨርስ የምትባል፣ ከጋስፔ ባሕረ ገብ ምድር ወደ ሞንትሪያል የመጣች የልጆች እናት ድምፅዋን በስታር ስም አስቀረጸች። ባሏ ቦልዱክ ይባል ስለነበር ሕዝቡ «ላ ቦልዱክ» ብሎ ጠራት። ቫዮሊንና ሃርሞኒካ ትጫወታለች፤ የዘፈኖቿን ግጥም ራሷ ትጽፋለች፤ የግጥሞቿም ርእስ ሥራ ማጣት፣ የቤት ኪራይ፣ ወጥ ቤት፣ የሐኪም ሒሳብ ነበር። ቋንቋዋ የሞንትሪያል ድኻ የሚናገረው ፈረንሳይኛ በመሆኑ የተማሩት ሰዎች አፍረውባታል። ነገር ግን ታላቁ የኤኮኖሚ ድቀት የሸክላን ንግድ በመላው ሰሜን አሜሪካ በሰባበረበት ወራት የእርስዋ ሸክላዎች በብዙ ሺህ ይሸጡ ነበር። እንዲህ ያለውን ዘፈን በኒው ዮርክ የተቀመጠ ሥራ አስኪያጅ መርጦ ያሳትመው ነበር ብሎ ለማሰብ ያስቸግራል። ላሺን ግን ማተሚያው ከደጅ ነበረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁለት ነገሮች ተለወጡ። የመጀመሪያው የመግነጢስ ቴፕ ነው። ሰም ላይ ሲቀረጽ ስሕተት ቢገባ ዝርጉ ይጣል ነበር፤ ቴፕ ግን ይቆረጣል፣ ይቀጠላል፣ ይጠፋል፣ እንደገናም ይቀረጽበታል፤ መሣሪያውም በመኪና ተጭኖ ዘፋኙ ካለበት ይደርሳል። ሁለተኛው ቪኒል የተባለው ፕላስቲክ ነው። በ1948 ረጅሙ ባለ 33 ዙር ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ ትንሹ ባለ 45 ዙር ወጣ። የማይሰበር በመሆኑ በፖስታ ቤት በኩል እስከ ሩቅ ገጠር ለመላክ ተቻለ።

በዚሁ በ1949 ጆርጅ ቴይለር የተባለ ሰው ሮዲዮ የተባለውን ኩባንያ በሞንትሪያል አቋቋመ፤ ቆየት ብሎም ወደ ሃሊፋክስ ተዛወረ። የሮዲዮ ሥራ የአገሩን ገጠር ማዳመጥ ነበር። በምሥራቁ የባሕር ዳርቻ በኬፕ ብሬቶን ደሴት ከስኮትላንድ የመጡ ሰፋሪዎች ልጆች የአባቶቻቸውን የቫዮሊን ጨዋታና የጌሊክ ቋንቋ ይዘው ይኖሩ ነበር። በኖቫ ስኮሺያ የተመሠረተውና ኋላ በሮዲዮ ሥር የገባው ሴልቲክ የተባለ ስም እንደ ዊንስተን ፊትዝጄራልድ ያሉትን ቫዮሊን ተጫዋቾች ያሳትም ነበር። እነዚህ ሸክላዎች ገበያቸው ጠባብ ቢሆንም ታማኝ ነበር፤ ለሥራ ፍለጋ ወደ ቦስተንና ወደ ቶሮንቶ የተሰደደው የደሴቲቱ ልጅ የሠርግ ዜማውን የሚያገኘው ከእነርሱ ነበርና። በ1950 በቶሮንቶ የተቋቋመው ኳሊቲ ደግሞ ማተሚያም ሻጭም በመሆን የውጭ ኩባንያዎችን ሥራ በውል እያተመ የአገሩን ልጆች በጎን ያስገባ ነበር።

የማተሙ ችግር በዚህ ሁኔታ ሲቃለል ሌላ ችግር ጎልቶ ወጣ፤ ይኸውም ራዲዮ ነው። በ1960ዎቹ የካናዳ የግል ራዲዮ ጣቢያዎች የዘፈን ዝርዝራቸውን የሚወስዱት ከአሜሪካ ነበር። የአገሩ ዘፈን «መጀመሪያ በአሜሪካ ይወደድና እናየዋለን» የሚባልበት ጊዜ ነበር ለማለት ይቻላል። በ1965 የዊኒፔግ ወጣቶች ያስቀረጹትን አንድ ዘፈን ኳሊቲ ሲያወጣ፣ የጓዶቹን ስም ደብቆ በሸክላው ላይ «ማን እንደሆነ ገምቱ» የሚል ብቻ ጻፈበት። የራዲዮ ሰዎች ስመ ጥር የእንግሊዝ ቡድን መስሏቸው አጫወቱት፤ ዘፈኑም በካናዳ አንደኛ ወጣ። ቡድኑ «ጌስ ሁ» እየተባለ በዚያው ስም ቀረ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ቀልድ ይነገራል። እኔ ግን ከቀልድነቱ ይልቅ ያሳዝነኛል፤ የአገሩ ሰው በአገሩ ለመሰማት ስሙን መደበቅ ነበረበትና።

የአርክ ኩባንያም ዕጣ የሚታወስ ነው። በ1958 በቶሮንቶ የተቋቋመው አርክ በርካሽ ዋጋ የሚሸጡ ሸክላዎችን ያወጣ ነበር። በ1968 የኖቫ ስኮሺያዋን አን መሪን የመጀመሪያ ረጅም ሸክላ ብሪያን አኸርን በተባለ አቀናባሪ መሪነት አሳተመ። ብዙም ሳይቆይ ዘፋኟ ወደ ትልቁ ካፒቶል ተዛወረች፤ በ1970 አንድ ዘፈኗ በአሜሪካ ጭምር ዝነኛ አደረጋት። አርክ ዘራ፤ ካፒቶል አጨደ። በእርግጥ ዘፋኟን መውቀስ አይቻልም። ትንሹ ኩባንያ ለሸክላው ማተሚያ የከፈለውን ገንዘብ ከሱቆች እስኪሰበስብ ወራት ይፈጃል፤ ዘፈኑ ድንገት ቢወደድ ሌላ ሃምሳ ሺህ ለማሳተም ጥሬ ገንዘብ የለውም። ለትንሽ አሳታሚ ከውድቀት ይልቅ የሚያስፈራው ድንገተኛ ዕድል ነው።

መንግሥት ጣልቃ የገባው በዚህ ጊዜ ነው። ፒየር ዡኖ የሚመሩት የራዲዮና የቴሌቪዥን ኮሚሽን ከጥር 18 ቀን 1971 ጀምሮ የኤ ኤም ራዲዮ ጣቢያዎች ከሚያሰሙት ሙዚቃ 30 በመቶው የካናዳ እንዲሆን ደነገገ። «የካናዳ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለመለየት የወጣው መለኪያ የመሐንዲስ ሥራ ይመስላል፤ ዜማው፣ ዘፋኙ፣ የተቀረጸበት ቦታና ግጥሙ ከተባሉት አራት ነገሮች ሁለቱ ካናዳዊ መሆን አለባቸው። ይህን በሸክላ ላይ የሚያሳየውን ክብ ምልክት ያወጣው ታማራክ የተባለ አነስተኛ የሸክላ ኩባንያ የነበረው ስታን ክሊስ ነው። የአገሩ ዓመታዊ የሙዚቃ ሽልማትም ለዡኖ መታሰቢያ «ጁኖ» ተባለ።

ጣቢያዎቹ በጣም አጉረመረሙ። አንዳንዶቹ ግዴታውን ለመወጣት የአገሩን ዘፈን ሰው በተኛበት ሰዓት ያጭቁት ስለነበር፣ ያ ሰዓት በአገሩ እንስሳ ስም «የቢቨር ሰዓት» ተብሎ ተቀለደበት። ሕጉ ደካማ ዘፈኖችንም እንዳሳለፈ አይካድም። ቢሆንም ከሕጉ በፊትና በኋላ ያለውን ዘመን የሚያነጻጽር ሰው ውጤቱን ለመካድ ይቸግረዋል። በርኒ ፊንከልስታይን በ1969 የመሠረተው ትሩ ኖርዝ የብሩስ ኮበርንን የመጀመሪያ ሸክላ በ1970 አውጥቶ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አብሮት ሠርቷል። እንዲህ ያለ ረጅም ትዳር በዚህ ንግድ ውስጥ እምብዛም አይታይም።

ስቶምፒን ቶም ኮነርስም የሚጠቀስ ነው። ሲዘፍን በእግሩ ወለሉን እየደበደበ ምት የሚይዘው ይህ ሰው ከድንች እርሻ፣ ከማዕድን ማውጫና ከጭነት መኪና ሾፌሮች ኑሮ ሌላ አይዘፍንም። በ1971 ከዡሪ ክሪቲዩክ ጋር ቡት የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ቡት የራሱን ዘፈኖች ብቻ አላወጣም፤ የክላሲክ ጊታር ተጫዋቿ ሊዮና ቦይድ የመጀመሪያ ሸክላዋን በ1974 ያሳተመችው በቡት ነው። ኮነርስ በ1978 የተቀበላቸውን ስድስት የጁኖ ሽልማቶች ሰብስቦ መለሰ። ምክንያቱም ሽልማቱ ኑሯቸውንና ሥራቸውን ወደ አሜሪካ ላዛወሩ ዘፋኞች መሰጠቱ ስላላስደሰተው ነበር። እልከኛ ነበር ይባላል፤ በእኔ በኩል እልኩን እወድለታለሁ።

ሕጉ ያልፈታው ችግርም ነበር። ራሽ የተባለው የቶሮንቶ ቡድን የሚያሳትመው ኩባንያ ሲያጣ አስተዳዳሪዎቹ ሙን የሚባል ስም ራሳቸው ፈጥረው በ1974 የመጀመሪያውን ሸክላ ጥቂት ሺህ ቅጂ አሳተሙ። ዘፈኑን ከፍ ያደረገው ግን የካናዳ ጣቢያ አልነበረም፤ በአሜሪካ ክሊቭላንድ ከተማ ያለ አንድ ጣቢያ ነበር። ወዲያውም የአሜሪካው ሜርኩሪ ወሰዳቸው። ሆኖም በ1977 አንተም የተባለ የራሳቸውን ኩባንያ በቶሮንቶ በማቋቋም በካናዳ የሥራቸው ባለቤት ሆነው ቀጠሉ።

የባለቤትነት ነገር ከተነሣ የስታን ሮጀርስን ጉዳይ ማለፍ አይገባም። የባሕርተኞችንና የገበሬዎችን ሕይወት ይዘፍን የነበረው ሮጀርስ ፎጋርቲስ ኮቭ የተባለ የቤተሰብ ኩባንያ ነበረው። በሰኔ 1983 የተሳፈረበት አውሮፕላን በበረራ ላይ እሳት ተነሥቶበት ሲንሲናቲ አውሮፕላን ጣቢያ ካረፈ በኋላ ተቃጠለ፤ ሮጀርስም በ33 ዓመቱ በዚያ ሞተ። ዋናዎቹ ቴፖች በቤተሰቡ እጅ ስለነበሩ ሥራው ከገበያ አልጠፋም፤ ያልወጣው ቀረጻም በ1984 ታተመ። በኋላም ቦሪያሊስ የተባለ ሌላ አነስተኛ የቶሮንቶ ኩባንያ በአዲስ መልክ አወጣቸው። ዘፋኙ ሲሞት ውሉ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ቢሆን ኖሮ፣ ቴፑ ይታተም ወይስ መደርደሪያ ላይ ይቅር የሚለውን የሚወስነው የሒሳብ ክፍል ይሆን ነበር።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ሲዲ መጣና የቪኒል መጭመቂያዎች እየተነቀሉ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ። ይሁን እንጂ ጥቂቶች በአሮጌው ዕቃ ጸኑ። በ1997 በሞንትሪያል የተመሠረተው ኮንስተሌሽን የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ማቀፊያ በእጅ ይሠራ ነበር። ጎድስፒድ የተባለው ቡድን በዚያ ዓመት ካወጣው ሸክላ የመጀመሪያ ቅጂዎች ጋር በባቡር መንኮራኩር የተጨፈለቀች የአንድ ሳንቲም ፍራንክ በከረጢት ትሰጥ ነበር። ኋላ የቪኒል ፍላጎት ሲመለስ ለማተም ተራ መጠበቁ በወር ይቆጠር ጀመር፤ የነበሩት መጭመቂያዎች የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ነበሩና። ቪሪል የተባለ የቶሮንቶ ኩባንያ በ2016 በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩትን አዲስ መጭመቂያ ለገበያ ማቅረቡ ለእኛ ሙያ የሚያኮራ ነገር ነው።

በዚያው ከተማ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ ማተሚያ የማያስፈልገው አሳታሚ ተነሥቶ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1990 ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊከንድ፣ በ2011 ሦስት የዘፈን ስብስቦችን አንድም ሸክላ ሳያሳትም በኢንተርኔት በነፃ አደለ። ከጓደኞቹ ጋር ያቋቋመው ኤክስ ኦ የተባለው ኩባንያ በ2012 የዩኒቨርሳል አካል ከሆነው ሪፐብሊክ ጋር የማከፋፈል ውል ተዋዋለ። የታሪክ ክር የሚመዝ ሰው እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር ያገኛል። ሄርበርት በርሊነር ኮምፖን በ1950ዎቹ መግቢያ ለአሜሪካው ዴካ ሸጦ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1966 ሲመራው ቆየ፤ ኮምፖ በ1970 ኤም ሲ ኤ ካናዳ ተባለ፤ ኤም ሲ ኤም በ1996 ዩኒቨርሳል ሆነ። የቶሮንቶው ወጣት ሸክላ በካናዳ የሚሸጠው በላሺኑ ፋብሪካ ወራሽ በኩል ነው ማለት ነው።

ወራሽ ያለው መዝገብም ይተርፋል። ዩኒቨርሳል ካናዳ የያዘውን የኢ ኤም አይ ካናዳ መዝገብ፣ ከ5,000 በላይ ሣጥኖች፣ በ2016 ለካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ አበርክቷል። አምስት መቶ ሸክላ አሳትሞ የተዘጋ ኩባንያ ግን የሚያበረክተው ሣጥን የለውም። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ የካናዳ ነባር ሕዝቦች ልጆች፣ እንደ ዊሊ ደን፣ ዊሊ ትራሸርና ሱግሉክ የተባለው የኢኑይት ቡድን ያሉት፣ የሠሯቸው ዘፈኖች የታተሙት በጥቂት ቅጂ ነበር፤ አንዳንዶቹም የብሔራዊው ራዲዮ የሰሜን አገልግሎት ለስርጭት ያሳተማቸው ስለነበሩ ከነጭራሹ ለገበያ አልቀረቡም። የቫንኩቨሩ ኬቪን ሃውስ አሮጌ ሸክላዎችን ከየሱቁ እየለቀመ፣ ዘፋኞቹንም እያፈላለገ ዓመታት ከደከመ በኋላ ስብስቡ በ2014 ታተመ። ያሳተመውም ላይት ኢን ዘ አቲክ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ ነው፤ የሚገኘውም በአሜሪካ፣ በሲያትል ከተማ ነው።